ውሃ ያቀለላት ታንክ

(በጡረታ ላይ ያሉ መሐንዲስ መኮንኖችና ወጣት የታሪክ ወዳጆች በተገኙበት መድረክ የተደረገ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ የቀድሞ ባልደረቦቼ፣ ከኋላ ቆማችሁ የምታዳምጡ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ! ወንበር ያልደረሳችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ። በዚህ ዝናብ ታክሲ ተሰልፋችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ታንክ ለመስማት መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አዘጋጆቹ በፈለግሁት ርዕስ እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ ስለ ትልልቆቹ እንደማወራ ጠብቀው ነበር። ስመ ጥሩውን የሶቭየት ታንክ ቲ-34ን የማያውቅ የለም። እኔ ግን የመጣሁት ሦስት ቶን ከሁለት መቶ ኪሎ ብቻ ስለምትመዝን፣ ሁለት ሰው ብቻ ስለምትይዝ፣ አንድ መትረየስ ብቻ ስላላት ታንክ ልነግራችሁ ነው። ስሟ ቲ-37 ይባላል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ሶቭየት ኅብረት የሠራቻት፣ በውሃ ላይ የምትንሳፈፍ፣ በብዛት በመመረት ከዓለም የመጀመሪያዋ የሆነች ዋናተኛ ታንክ ናት። ስለ እርሷ የተጻፈውን ብታነቡ ፍርዱ አንድ ዓይነት ነው፤ ደካማ፣ ቀጭን፣ የማትረባ። ይህን ፍርድ ልከራከረው ነው የመጣሁት። ደካማ ነበረች? አዎ። ቀጭን ነበረች? በጣም! የማትረባ ነበረች? በፍጹም አልነበረችም! ጥፋቱ የማን እንደነበር አብረን እናያለን።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ታንክ ለምን መዋኘት አስፈለገው? ሁለተኛ፣ እንዴት ተሠራች? ሦስተኛ፣ ምን ላይ ዋለች? ሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የሰው ሕይወት ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የሀገራችን ጉዳይ ሲመጣ ወደ እኛው እመለሳለሁ።

እንግዲህ አንደኛውን እንጀምር። ያደግሁት ጎጃም፣ ጨሞጋ ወንዝ አጠገብ ነው። ክረምት ሲገባ ገበያተኛው ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ቆሞ ይቀራል። ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ጋር ስሄድ የማስታውሰው፣ ከማዶ ያሉት ዘመዶቻችን ፊታቸው ይታየናል፣ ስማችንን ጠርተው ያወሩናል፤ ሆኖም አንድ ቁና እህል ልናቀብላቸው አንችልም። ዋና የሚችል ጎረምሳ ልብሱን ጠቅልሎ ጭንቅላቱ ላይ አስሮ ይሻገራል። ጭነት ያለው በቅሎ ግን ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ሰው ይሻገራል፣ ጭነቱ ይቀራል።

ወታደር የነበራችሁ ይህን ወደ ጦር ሜዳ ተርጉሙልኝ። ጠላት ድልድዩን አፍርሶ ከማዶ ምሽግ ይዟል። እግረኛው በሌሊት በጀልባ፣ በግንድ፣ በዋናም ቢሆን ይሻገራል። ከዚያስ? መድፉ ወዲህ ነው። ታንኩ ወዲህ ነው። መሐንዲሱ ተንሳፋፊ ድልድይ እስኪዘረጋ ሰዓታት ያልፋሉ፤ በተኩስ ሥር ከሆነ ደግሞ ሌሊቱ ሊነጋ ይችላል። በእነዚያ ሰዓታት ማዶ ያለው ልጅ በእጁ ጠመንጃ ብቻ ነው ያለው። መልሶ ማጥቃቱም የሚመጣው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። እኔ የወንዝ ማሻገር መኮንን ሆኜ ስላገለገልሁ ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። ከወዲህ ቆሞ ማዶ ያሉትን መስማት፣ እነርሱም «ከባዱ መቼ ነው የሚመጣው?» እያሉ በሬዲዮ ሲጠይቁ ሌላ የምትመልሰው አጥተህ «እየመጣ ነው» ማለት፣ እንዲህ ያለውን ሌሊት ያሳለፈ ሰው አይረሳውም።

ዋናተኛ ታንክ የተፈለገችው ለእነዚያ ሰዓታት ነው። ከጠላት ታንክ ጋር እንድትገጥም አይደለም። ምሽግ እንድትሰብርም አይደለም። ድልድይ ሳትጠብቅ ከእግረኛው እኩል ማዶ እንድትደርስ፣ መትረየስ ይዛ አጠገቡ እንድትሆን፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከጦሩ ቀድማ ወንዝ እየተሻገረች እንድትቃኝ ነው። ይህን ያዙልኝ። ሥራዋ ይህ ነው!

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዋልተር ክሪስቲ በ1920ዎቹ መጀመሪያ መድፍ የተሸከመ ዋናተኛ ተሽከርካሪ ሠርቶ የሃድሰንን ወንዝ አቋርጦበታል። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር በ1924 በካሪቢያን ባሕር፣ ኩሌብራ ደሴት ላይ ሲሞክረው ግን የባሕሩን ሞገድ አልቻለውም። ለሥራ የሚበቃ መልክ ያስያዙት እንግሊዛውያኑ ጆን ካርደንና ቪቪያን ሎይድ ናቸው። ለቪከርስ ኩባንያ ይሠሩ ነበር፤ ትንንሽ ብረት ለበሶችን በመሥራት በዘመኑ ወደር አልነበራቸውም። በ1931 ዋናተኛ ታንካቸው ወንዝ ውስጥ ገብታ ስትወጣ ታየች።

አሁን የውሃን ሕግ እንመልከት፤ የዛሬው ክርክሬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የቆመው። የሚንሳፈፍ ነገር በክብደቱ ልክ ውሃ መግፋት አለበት። ሦስት ቶን ከሁለት መቶ ከሆነ ሦስት ሜትር ኩብ ከሁለት አሥረኛ ውሃ ይገፋል። አንድ ቶን ብትጨምርበት አካሉን በአንድ ሜትር ኩብ ማስፋት ግድ ይሆንብሃል። አሁን ብረቱን እንመዝነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ብረት፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ሲሆን ስምንት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ዘጠኝ ሚሊሜትር ካደረግኸው 70 ኪሎ ነው። ሠላሳ ሚሊሜትር ካደረግኸው 235 ኪሎ። ታንኪቱን ዙሪያዋን በዚያ አልብሳትና ወደ ወንዝ ልቀቃት! ወደ ታች ነው የምትሄደው። ስለዚህ ካርደንና ሎይድ ብረቱን ቢበዛ ዘጠኝ ሚሊሜትር አደረጉት። ያም አልበቃ ብሎ በሁለቱ ጎኖቿ ላይ፣ ከሰንሰለቷ በላይ፣ በቆርቆሮ የተለበጠ ባልሳ የሚባል እጅግ ቀላል እንጨት ገጠሙላት። የጣና ልጆች ካላችሁ ወዲያው ይገባችኋል፤ የደንገል ታንኳ ሰው ተጭኖበት የማይሰጥመው ደንገሉ ውስጡ አየር ስለሆነ ነው። ባልሳውም ያደረገው ያንን ነው። ከኋላ ፕሮፔለርና መቅዘፊያ መሪ ሲጨመርላት ታንክም ጀልባም ሆነች።

ብሪታንያ ፈተነቻት፤ ለራሷ ጦር ግን አልወሰደቻትም። ቻይና ገዛች፤ በ1937 ሻንግሃይ ላይ ከጃፓን ጋር ስትዋጋ እነዚህን ታንኮች አሰልፋለች። ሶቭየት ኅብረትም ስምንት ገዛች። ከግዢው በፊትም ቢሆን በጋዜጣ የወጡትን ፎቶዎችና መግለጫዎች የሶቭየት መሐንዲሶች ቁጭ ብለው አጥንተዋቸው ነበር። ለምን እንደዚያ ጓጉ? ካርታውን አስቡት። ከሶቭየት ምዕራባዊ ድንበር ጀምሮ ወንዝ፣ ረግረግ፣ ሐይቅ፣ እንደገና ወንዝ ነው። በሌኒንግራድና በሞስኮ የነበሩ መሐንዲሶች የየራሳቸውን ሙከራ ሠሩ፤ ከዚያ ሁሉ የተሻለው ተመርጦ፣ በሞስኮው 37 ቁጥር ፋብሪካ በመሐንዲሶቹ እጅ እየታረመ ቲ-37 ኤ ሆነ። በኦገስት 1932 ጦሩ ተቀበላት። የተቀበላት የመጀመሪያዋ ከፋብሪካ ሳትወጣ ነው! ፋብሪካው በቂ ማሽን አልነበረውም፤ ከፖዶልስክ የሚመጣው የብረት አካልም በጊዜው አይደርስም ነበር። በ1933 መመረት ጀመረች፣ እስከ 1936 ድረስ ሬዲዮ የተገጠመላቸውንና እሳት የሚተፉትን ጨምሮ ከ2,500 በላይ ተሠሩ።

ውስጧን ልንገራችሁ። ነጂው በግራ፣ አዛዡ በቀኝ ናቸው። አዛዡ ያዛል፣ ይቃኛል፣ መትረየሱንም ራሱ ይተኩሳል። መትረየሱ 7.62 ሚሊሜትር፣ በሚዞር ትንሽ ማማ ላይ የተተከለ ነው። ሞተሯ የጭነት መኪና ሞተር ነው። በፎርድ ፈቃድ ጎርኪ ከተማ ከሚሠራው ጋዝ ከሚባለው መኪና የተወሰደ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው። ይህ ትልቅ ብልኅነት ነው። መለዋወጫው በየጋራዡ አለ፤ የሚጠግነውም የመኪና መካኒክ ነው። በመንገድ ላይ በሰዓት 35 ኪሎሜትርና ከዚያም በላይ ትሮጣለች፤ በውሃ ላይ ግን በሰዓት ስድስት ኪሎሜትር፣ ማለትም በደቂቃ አንድ መቶ ሜትር ነው። በጎኖቿ ያሉት ተንሳፋፊዎች በባልሳ ምትክ ቡሽ ነው የተሞሉት። የፕሮፔለሯ ምላጮች ስለሚዞሩ በውሃ ላይ ወደ ኋላም ትሄዳለች። በ1936 የተተካችባት ቲ-38 ደግሞ ያንን የቡሽ ጭነት ጣለች፤ አካሏን ዝቅና ሰፋ አድርገው በራሷ እንድትንሳፈፍ አደረጓት። እርሷም ከ1,300 በላይ ተመርታለች።

ስለ ውሃ ስናገር አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። እኔ ሶቭየት ኅብረት ለትምህርት በሄድሁበት ጊዜ የምንሠለጥነው ቢቲአር በሚባለው በውሃም ላይ በሚሄድ ባለ ጎማ ብረት ለበስ ነበር። ወደ ውሃ ከመግባታችን በፊት አንድ ሽማግሌ አሠልጣኝ እያንዳንዱን የወለል መክደኛ በእጁ እየነካ ይዞራል። እኛ በዓይናችን አይተን «ተዘግቷል» ስንል እርሱ እጁን ሳያሳርፍበት አያምንም። የውሃ መጭመቂያውን ያስነሳል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ከዚያ ነው «ግቡ» የሚለው። መጀመሪያ የገባሁ ቀን የተሰማኝን ልንገራችሁ። መንኮራኩሩ መሬት ሲለቅ ተሽከርካሪው ከሥርህ ይለሰልሳል። መሪው ወዲያው አይታዘዝህም። ከዓይንህ በታች፣ በጣም ቅርብ፣ ውሃው አለ። የእኛ ተሽከርካሪ አሥር ቶን የሚደርስ፣ በብዙ ዓመት ልምድ የተሻሻለ ነበር። እነዚያ የ1930ዎቹ ልጆች ግን ይህንኑ ያደርጉ የነበረው ትንሽ ማዕበል ገጭ ሲያደርጋት ውሃ በምትቀበል ሦስት ቶን ነገር ውስጥ ተቀምጠው ነው። በወረቀት ላይ «ደካማ» ብሎ የሚጽፍ ሰው እነርሱን ቢያስብልኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ጥቂት ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ከርዕሴ አልወጣሁም፣ ታያላችሁ። ያው ካርደንና ሎይድ ከዋናተኛዋ በፊት የማትዋኝ ትንሽ ብረት ለበስ ሠርተው ነበር። ጣሊያን ያችን በፈቃድ ሠራች፤ አሻሻለቻትና ሲቪ-33 አለቻት። በ1928 ዓ.ም. አባቶቻችን ሽሬ ላይ፣ ተምቤን ላይ፣ ኦጋዴን ላይ የገጠሟት ታንክ እርሷ ናት። ክብደቷ ሦስት ቶን ጥቂት ፈሪ፣ ምድብተኞቿ ሁለት፤ ከቲ-37 ጋር እኩል! የአንድ ወላጅ ልጆች ናቸው። ጣሊያኖች ግን ክብደቱን በብረት ላይ አዋሉት፤ ፊቷን ወደ 14 ሚሊሜትር አደረሱት። ማማ አልሰጧትም። መትረየሷ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያየው፤ ግራና ቀኝ የሚዞረውም በትንሹ ነው።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጉይና በሚባለው የሽሬ መተላለፊያ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የልዑል ራስ እምሩ ጦር ተከዜን በሌሊት በመልካው ተሻገረ። ልብ በሉ፤ ወንዝ ማሻገር ነው! ያለ ድልድይ፣ ያለ ጀልባ፣ በእግር። ጠላት ወደ ደምበጉይና ሲያፈገፍግ መተላለፊያውን ዘጉበት። መውጫ እንዲከፍቱ የተላኩት እነዚያ ትንንሽ ታንኮች ናቸው። አርበኞቹም መትረየሱ ወደማያይበት፣ በጎንና በኋላ እየቀረቡ ላያቸው ላይ ወጡ። ያ ውፍረት ጠቀማቸው? አልጠቀማቸውም! ዞሮ ማየት ለማይችል ታንክ የፊቱ ብረት ምን ያደርግለታል? ጆን ካርደን ራሱ ይህን አልሰማም። ከዚያ አምስት ቀን አስቀድሞ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1935፣ የተሳፈረበት አውሮፕላን እንግሊዝ አገር ወድቆ ሞቷል። እዚህ የተቀመጣችሁ ወጣቶች ስለ ደምበጉይና ስታነቡ ጀግንነቱን ብቻ አትመልከቱ፤ የታንኩንም ንድፍ ተመልከቱ። አባቶቻችን ድክመቱን በአንድ ጠዋት ነው ያነበቡት።

ሦስተኛው ነጥብ። ምን ላይ ዋለች?

በሰላሙ ዘመን ቲ-37 የጦሩ ኩራት ነበረች። በቀይ አደባባይ ሰልፍ ወጣች። ቲቢ-3 በሚባለው ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሆድ ሥር አንጠልጥለው አበረሯት። ከዝቅታ ውሃ ላይ ሊጥሏትም ሞከሩ፤ የውሃው ምት ወለሏን ሰበረው። ይህን ሁሉ በፍጥነት አልፈዋለሁ፤ ሙከራ ሙከራ ነውና።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1939 በሞንጎሊያ ድንበር ኻልኺን ጎል ላይ ነበረች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 30 ፊንላንድ ላይ ዘመቻ ሲከፈት እርሷም ሄደች። አስቡት እስቲ! ለውሃ የተሠራች ታንክ ውሃው ሁሉ በረዶ በሆነበት ወራት፣ በጫካ መካከል፣ 40 ፈረስ ጉልበት ይዛ በወፍራም በረዶ ላይ። ሰንሰለቷ ጠባብ፣ ሞተሯ ትንፋሽ የሚያጥረው። ቃኚ መሆኗ ቀርቶ እግረኛን ቀድማ ወደ ምሽግ እንድትሄድ ታዘዘች። ዘጠኝ ሚሊሜትሩን ደግሞ ብረት በሺ የመትረየስ ጥይት ከቅርብ ያልፈዋል። መድፍ አያስፈልግም። የጠመንጃ መጠን ያለው ጥይት!

በ1941 ጀርመን ሲወርርም ይኸው ተደገመ፤ የባሰም ሆነ። አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት አለቁ። ብዙዎቹ ተመትተው አይደለም፤ በማፈግፈግ ላይ ተበላሽተው፣ ነዳጅና መለዋወጫ አጥተው የተተዉ ናቸው። የተቀሩት በሌላ ታንክ እጦት እግረኛ አጃቢ ሆነው ወደ መድፍ አፍ ተላኩ።

ጌቶቼ፣ እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። ታንክ ስላለህ ብቻ እንደ ታንክ ትልካለህ? በሠንጠረዡ ላይ «ታንክ» ተብላ ስለተጻፈች? እቅድ አውጪው «ይህን ያህል ታንክ አለኝ» ብሎ ሲቆጥር ቲ-37ንም ቲ-34ንም አንድ አንድ ብሎ ነው የቆጠረው። ውስጧ የተቀመጡት ሁለት ልጆች ግን በእርሷ ዘጠኝ ሚሊሜትርና በቲ-34 አርባ አምስት ሚሊሜትር መካከል ያለውን ልዩነት በሕይወታቸው ከፈሉት። መሐንዲሶቿ ያንን ሥራ አልሰጧትም ነበር። የውሃው ሕግ ያቀለላትን አዛዦች ከብዳለች ብለው ላኳት።

በውሃውም ላይ ቢሆን ብቻዋን አትበቃም። በሴፕቴምበር 1942 ሌኒንግራድ አጠገብ፣ ኔቭስካያ ዱብሮቭካ በሚባለው ስፍራ፣ ቲ-38ዎች የኔቫን ወንዝ ለመሻገር ገቡ። የጀርመን መድፍ ሙሉ ጉልበቱ ላይ ነበር። ማዶ የደረሱት ጥቂቶች ወዲያው ተመቱ። ታንኪቱ መዋኘት ትችላለች፤ ማዶ ያለውን መድፍ ዝም ማሰኘት ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው። መሐንዲሶች ይህን ሁልጊዜ እንናገራለን፣ ሁልጊዜም አይሰሙንም።

አሁን ለምን እንደምከራከርላት የምነግራችሁ ቦታ ደረስሁ። ስቪር ይባላል። ከኦኔጋ ሐይቅ ወደ ላዶጋ ሐይቅ የሚፈስ ወንዝ ነው፤ ሎዴይኖዬ ፖሌ በሚባለው ከተማ አጠገብ ስፋቱ 400 ሜትር ገደማ። ፊንላንዳውያን ማዶውን ለሦስት ዓመት ያህል ሲመሽጉ ኖረዋል። በጁን 1944 የካሬሊያ ግንባር አዛዥ ኪሪል ሜሬትስኮቭ ይህን ወንዝ የመሻገር ሥራ ወደቀበት።

አዘገጃጀቱን ተመልከቱ፤ የማሻገር ትምህርት ማለት ይህ ነው። ከወንዙ ወደ ላይ ግድብ አለ፤ ጠላት ግድቡን ከፍቶ በሻጋሪው ላይ ውሃ ሊለቅበት ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት አውሮፕላኖች ግድቡን ደበደቡት፤ ጎርፉ አስቀድሞ ወርዶ አለቀ። ጁን 21 ጠዋት መድፈኛው ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ደበደበ። በድብደባው መካከል አሥራ ስድስት ወጣቶች በፈቃዳቸው ወደ ውሃ ገቡ። በዋና እየገፉ የሚወስዱት ግንድና ጀልባ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚመስል አሻንጉሊት ነው። ለምን? ያልተመታ መትረየስ ካለ እንዲተኩስባቸውና ቦታው እንዲታወቅ! ተኩስ ተከፈተባቸው፤ የተከፈተበትን ቦታ መድፈኛው መልሶ መታው። አሥራ ስድስቱም በሕይወት ተርፈዋል፤ የሶቭየት ኅብረት ጀግና ተብለዋል።

በዚያ ማለዳ ነው 92ኛው ልዩ የታንክ ሬጅመንት ወደ ውሃ የገባው። የያዘው ምንድን ነው? ቲ-37ና ቲ-38! ከየቦታው የተሰበሰቡ፣ ከእልቂቱ የተረፉ፣ መመረት ካቆሙ ዓመታት ያለፋቸው፣ ወደ አርባ የሚጠጉ አሮጌ ታንኮች። አጠገባቸው ከአሜሪካ በእርዳታ የመጡ ፎርድ የሚዋኙ መኪናዎች እግረኛ ይዘው ይሄዳሉ። ጠላት ከመድፉ ድብደባ ራሱን ቀና ሳያደርግ ትንንሾቹ ታንኮች እየተኮሱ ማዶ ነበሩ። 400 ሜትር፣ በደቂቃ መቶ ሜትር። ወንዙ ወደ ጎን ቢወስዳቸው እንኳ በጣት የሚቆጠር ደቂቃ ነው። እግረኛው ማዶ እግሩ መሬት ሲነካ አጠገቡ መትረየስ የያዘ ብረት ለበስ ነበር። ድልድዩና ከባዶቹ ታንኮች ከኋላ መጡ፤ መምጣት እንዳለባቸው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ብረቷ በ1944 ወፍሮ ነበር? አልወፈረም። ሞተሯ ተለውጦ ነበር? አልተለወጠም። ያችው ናት! በ1939 በበረዶ ላይ፣ በ1941 በመድፍ ፊት ያለቀችው ያችው ናት። የተለወጠው የተሰጣት ሥራ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታ የተፈጠረችበትን ሥራ ሰጧት፤ ሠራችው።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጁን 6፣ ኖርማንዲ ላይ አሜሪካውያን ዙሪያቸውን በሸራ የታጠሩ ሸርማን ታንኮችን ወደ ባሕር ለቀው ነበር። ወፍራም ታንክ በሸራ ማንሳፈፍ! ሐሳቡ ብልኅ ነው፤ ሌሎች የባሕር ዳርቻዎች ላይም ሠርቷል። ኦማሃ በሚባለው ዳርቻ ግን 741ኛው የታንክ ሻለቃ ራቅ ካለ ቦታ ከለቀቃቸው 29 ታንኮች 27ቱ በሞገድ ሰጠሙ። ይህን የማነሳው አንዱን ከሌላው ላበላልጥ አይደለም። ወንዝና ባሕር አንድ አይደሉም፤ ውሃ ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሚያቅድ ሰው ከፊቱ ያለውን ውሃ አላየውም ማለት ነው።

ስለ ልጆቿ ተናግሬ ልጨርስ፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ኒኮላይ አስትሮቭ የሚባል የሶቭየት መሐንዲስ ከጦርነቱ በፊት ቲ-40ን ሠርቶ ነበር፤ ቀደም ያሉት የጎደላቸውን ሁሉ ያረመባት ናት። ፕሮፔለሯ አካሏ ውስጥ ገባ ብሎ ከግጭት ተጠብቋል፣ መትረየሷ 12.7 ሚሊሜትር ሆኗል፣ ሞተሯ በእጥፍ በርትቷል። ጦርነቱ ሲጀመር ግን የሚፈለገው ቶሎ የሚመረት የየብስ ታንክ ነበር። አስትሮቭ ዋናውን አስትቶ ከቲ-40 ቲ-60ን አወጣ፤ ከ5,000 በላይ ተሠሩ። የመዋኘቱ ጉዳይ ተቋረጠ።

ከጦርነቱ በኋላ ጥያቄው ተመልሶ መጣ፤ ወንዞቹ የትም አልሄዱምና። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፒቲ-76 ወጣች። 14 ቶን፣ 76 ሚሊሜትር መድፍ፣ ሦስት ምድብተኛ። በፕሮፔለር ፈንታ ውሃ ከሥር ስቦ በኋላ የሚተፋ መሣሪያ አላት። በውሃ ላይ በሰዓት አሥር ኪሎሜትር ትሄዳለች፤ ድንጋይና ሣር የሚጠመጠምበት ፕሮፔለር የላትም። ብረቷስ? አሁንም ቀጭን ነው። የከባድ መትረየስ ጥይት ከቅርብ ጎኗን ያልፈዋል። መሐንዲሶቹ ሃያ ዓመት ሙሉ ሠርተው የውሃውን ሕግ አልሻሩትም፤ ሊሻርም አይችልም። በየካቲት 1968 ሰሜን ቬትናሞች ላንግ ቬይ የሚባለውን የአሜሪካ ልዩ ኃይል ጦር ሰፈር በሌሊት ሲያጠቁ ያሰለፉት እርሷን ነው፤ ሰፈሩንም ያዙት። የከባድ ታንክ መምጫ መንገድ የለም ተብሎ በተገመተበት ቦታ፣ ከባድ ታንክ ያልጠበቀ ጦር ፊት ቀረበች።

ፎቶዎቹን ከጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼአቸዋለሁ፤ የቲ-37 ተንሳፋፊዎች በደንብ የሚታዩበት አለ፣ የቲ-38ም ዝቅ ያለው አካል ከጎኑ ተቀምጧል፤ አስተያዩአቸው። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። ከወጣቶቹ እንጀምር፤ አንቺ እጅሽን ቀድመሽ አንስተሻል፣ ቀጥዪ ልጄ።